የአያቴን ነገር ለውድድር ልጻፈው ወይስ ልተወው?

«ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምኖረው ደቡብ ጎንደር፣ ሩዝ በሚመረትበት አካባቢ ነው። ትምህርት ቤታችን የጽሑፍ ውድድር አዘጋጅቷል። ርእሱ ‹የጤና አገልግሎታችን እንዴት ይሻሻል?› የሚል ሲሆን ከሦስት ገጽ መብለጥ የለበትም። ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል።

»እኔ መጻፍ የፈለግሁት የአያቴን ጉዳይ ነው። አያቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ናት፤ መዋጮዋን አጓድላ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሦስቱንም ጊዜ ‹መድኃኒቱ የለም፣ ከውጪ ግዙ› ተባለች። አንዴ ዶሮዎቿን ሸጣ ገዛች። በቀደም ደግሞ የገዛችውን ለማብቃቃት ቀን እየዘለለች ስትውጥ ደረስኩባት።

»እናቴ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ልጽፈው እንዳሰብኩ ስነግራት ተቆጣች። ‹መድህን ግቡ ብዬ በየቤቱ የዞርኩት እኔ ነኝ። የገዛ ልጄ ተነስታ መድህን አይረባም ስትል ሰው ምን ይለኛል? የቤታችንን ገመና አደባባይ አታውጪ› አለችኝ። የአማርኛ መምህራችን ደግሞ ነጥብ የሚያስገኘው መረጃና አኀዝ እንጂ የቤተሰብ ታሪክ አይደለም ይላሉ። ጓደኞቼ ጽሑፋቸውን ስልክ ላይ ባለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እያስጻፉ ጨርሰዋል። ባሸንፍ ደስ ይለኛል፤ ግን የሚያንገበግበኝ የአያቴ ነገር ነው። ልጻፈው ወይስ ልተወው?
ግራ የገባኝ ተማሪ»

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ውድድሩን ረስቼ ዓይኔ የቆመው «ቀን እየዘለለች ስትውጥ» የሚለው ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝና ይህን እንዳላየሁ ማለፍ አልችልም። ስለ ጽሑፉ ከማውራታችን በፊት እሱን እንጨርስ።

ደም ግፊት አያምም። ክኒኑን የዘለለ ሰው በማግስቱ ምንም ስለማይሰማው «ለካ ያለሱም ይቻላል» ይላል። ጉዳቱ የሚታየው አንድ ጠዋት አፍ ሲጣመም ወይም ግማሽ አካል አልታዘዝ ሲል ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አያትሽን ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት፤ «እየዘለልኩ ነው የምውጠው፣ መግዣ ስለሌለኝ» ይበሉ። ብዙ እናቶች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራ ያለ መስሎት መጠኑን ይጨምራል። ተመሳሳይ ሥራ ያለው ሌላ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ካለ እንዲቀይርላቸው ጠይቁ። ከውጪ መግዛት ግድ ከሆነም የፋብሪካ መጠሪያውን ሳይሆን የመድኃኒቱን ዋና ስም ያስጽፉ፤ ያን ጊዜ ፋርማሲው ርካሹን ሊሰጣቸው ይችላል። ደረሰኙን አትጣሉ። የጎረቤት ክኒን መዋስ ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ንግግራቸው ከተኮላተፈ ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጻፊው። ነገር ግን «መድህን አይረባም» ብለሽ የምትጽፊው ከሆነ እኔም ከእናትሽ ጎን ነኝ። ለምን እንደሆነ ከራሴ ልንገርሽ።

መድህኑ ከመምጣቱ በፊት ደሃ ሰው ሳይከፍል የሚታከመው ከቀበሌው «መክፈል የማይችል» የሚል የነፃ ሕክምና ወረቀት ሲያመጣ ነበር። እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ተራ ደርሶኝ ካርድ ክፍል በተቀመጥኩበት ቀን አንድ አባት ትኩሳት የያዘው ልጁን አቅፎ መጣ። ወረቀቱ ተጽፏል፣ ማኅተም ግን የለውም። ደንብ ነው ብዬ መለስኩት። ሊቀ መንበሩ ለቅሶ ሄደው ኖሮ ማኅተሙን ይዞ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ልጁ ደረቱ እየተሰረጎደ ነበር የሚተነፍሰው፤ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ላክነው። ዳነ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ ግን ያንን አባት በር ላይ የመለስኩበትን ድምፄን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የመጣው ለእንዲህ ዓይነቱ በር ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና ያንቺዋ ጎረቤት ፎገራ ነበሩ። ሐሳቡ አስቸጋሪ አይደለም፤ እድርን ለሚያውቅ ሕዝብ ማስረዳትም ቀላል ነው። አባወራውና እማወራዋ ምርት በሚገባበት ወቅት፣ እጅ ላይ ገንዘብ ባለበት ጊዜ፣ የዓመቱን ያዋጣሉ። ለደሃ ደሃ ለሚባሉት ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል፤ ፌዴራል መንግሥትም ይደጉማል። የታመመ ሰው ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፣ በሩ ላይ ገንዘብ አይጠየቅም። ለዚያ አባት ያኔ ይህ ቢኖርለት ኖሮ የማኅተም ጉዳይ ባልተነሳ ነበር። እናትሽ በየቤቱ ዞራ የተናገረችው ውሸት አይደለም።

አያትሽ ያጋጠማቸውም ውሸት አይደለም። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ መሐል ላይ የተበጠሰ ነገር አለ ማለት ነው። ያንቺ ጽሑፍ ሥራው እሱን መፈለግ ነው። በእኔ ግምት ዳኞቹ እጅ ከሚገቡት ወረቀቶች ብዙዎቹ «ጤና ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ነው» ብለው ጀምረው «መንግሥት ትኩረት ይስጥ» ብለው የሚያበቁ ናቸው። እንደዚያ ያለውን ወረቀት ከዚህ ቀደም ዳኛ ሆኜ ተቀምጬ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ካነበብኩ በኋላ ግን የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። አንቺ አንድ ክኒን ያዢና ወደ ኋላ ተከተያት።

እንዲህ ነው የምልሽ። አያትሽ የሚወስዱት ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ነው እንበል። ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒት የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። የወባ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በፕሮግራም ይመጣል፤ ጤና ጣቢያው አይከፍልበትም፣ በሽተኛውም አይከፍልበትም። የስኳርና የግፊት ክኒን ግን በአብዛኛው ጤና ጣቢያው በራሱ ገንዘብ የሚገዛው ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትን ሲሆን እዚያ ከጠፋ ደግሞ ከሌላ አቅራቢ ለመግዛት ይሞክራል። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ አገር በዶላር የሚገባ ስለሆነ እላይም እጥረት አለ። ይህን ያህሉን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። ጤና ጣቢያው የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? በፊት ከበሽተኛ የሰበሰበውን ሁሉ ለመንግሥት ካዝና ነበር የሚያስገባው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው የገቢውን ነገር የቀየረው፤ ከዚያ በኋላ ክልሎች ሕግ እያወጡ ጤና ተቋማት ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲያውሉ ፈቀዱ። መድኃኒት ተሽጦ በሚገኘው ገንዘብ ሌላ መድኃኒት ይገዛል፤ እየዞረ ይቀጥላል። መድህን ሲመጣ ግን በሽተኛው በሩ ላይ መክፈል አቆመ። ጤና ጣቢያው ያከመበትን እየመዘገበ ለወረዳው መድህን ሂሳብ ያቀርባል፤ መድህኑ መርምሮ ይከፍለዋል። ክፍያው በጊዜው ከመጣ ደግ ነው። ሂሳቡ ተጓትቶ ሲቀርብ፣ ምርመራው ሲዘገይ፣ ወይም መዋጮው የሚጠራቀምበት ቋት ውስጥ ያለው አልበቃ ሲል ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ሰጥቶ ጨርሷል፣ ገንዘቡ ግን እጁ አልገባም። መደርደሪያው ባዶውን የሚቀረው ያን ጊዜ ነው። አያትሽም «ከውጪ ግዙ» ይባላሉ።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ዶሮ ሸጦ መድኃኒት የገዛ ሰው በሚቀጥለው ኅዳር መዋጮ ሲጠየቅ «ለምኑ?» ይላል። መጀመሪያ የሚወጣው ጤነኛው ነው፤ ሕመምተኛው ተስፋ ስላለው ይቆያል። ቋቱ ውስጥ የሚገባው ሲያንስ የሚወጣው ይበዛል፤ ክፍያው ከበፊቱ የባሰ ይዘገያል፣ መደርደሪያው ከበፊቱ የባሰ ይራቆታል። በዚህ ዙሪያ ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ፈልገሽ አታገኚም። ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ «የለም» የሚለው ልጅ ራሱ ቀኑን ሙሉ ፊት ሲጠቁርበት ነው የሚውለው።

ይህን ያልኩሽ ያንቺው ጤና ጣቢያ ችግር በእርግጥ ይኸው ነው ለማለት አይደለም፤ እዚያ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሄደሽ ጠይቂ። ሦስት ሳምንት ይበቃሻል። የፋርማሲ ባለሙያውን ቢን ካርድ እንዲያሳይሽ በትሕትና ለምኚው፤ እያንዳንዱ መድኃኒት መቼ ገብቶ መቼ እንዳለቀ የሚጻፍበት ካርድ ነው። «ባለፈው ዓመት ሜትፎርሚን ያልነበረበት ስንት ወር ነው?» በይው። የወረዳው መድህን ክፍል ሄደሽ የጤና ተቋማት ሂሳብ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል፣ አባል ከውጪ በደረሰኝ ሲገዛ የሚመለስለት አሠራር እንዳለ፣ ከውጪ ፋርማሲ ጋር ውል እንዳለ ጠይቂ። ካለና አያትሽ ካልሰሙ፣ ያ ራሱ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል። አንዳንዱ ሊመልስሽ አይፈልግም፤ የተማሪ መታወቂያሽን ይዘሽ፣ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ አጽፈሽ ሂጂ። እምቢ ካሉሽ አትጣዪ። «ጠይቄ አላገኘሁም» ብሎ መጻፍም ይቻላል። መንገድ ተዘግቶ ወይም አካባቢው ታውኮ መድኃኒት ያልደረሰበት ጊዜ ካለም፣ እሱን ከገንዘቡ ችግር ለይተሽ ጻፊው፤ ሁለቱ የተለያየ መፍትሔ ነው የሚፈልጉት።

ከሁሉ በፊት ግን መጠየቅ ያለብሽ ሰው ቤትሽ ውስጥ አለች።

እናትሽን እስካሁን የምታይዋት ጽሑፉን የምትከለክል ሰው አድርገሽ ነው። እስቲ አንድ ማታ ሥራ ካበቃ በኋላ፣ ቡና ላይ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ቁጭ በይና «እማዬ፣ ካስመዘገብሻቸው ሰዎች ዘንድሮ ያላደሱት ስንት ናቸው? ምን አሉሽ?» በያት። በየቤቱ ስትሄድ የሚሰጧትን መልስ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ጤና ኬላው ውስጥ የየቤተሰቡ ማህደር አለ፤ የሰው ምስጢር ስለሆነ እሱን አትንኪ፣ አሳዪኝም አትበያት። እሷ የምትነግርሽ ይበቃል። ቁጣዋ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነም ይገለጥልሻል ብዬ አምናለሁ። መድህኑን ስታስተዋውቅ የሰጠችው የራሷን ቃል ነው። መድኃኒት ሲጠፋ ሰው ወረዳውን አያውቅም፣ መንገድ ላይ የሚያገኛት እሷን ነው። ያ ሸክም በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይጻፍም፤ እሷ ፈቅዳ አንቺ ብትጽፊው ግን ከጽሑፍሽ ሁሉ ብርቱው ክፍል እሱ ይሆናል።

ካልፈቀደችስ? ተዪው። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ በምትሠራበት ቀበሌ ነው የምትኖረው፣ ስጋቷ ከንቱ አይደለም። እሷን ሳትጠቅሺ፣ ቀበሌውንና ጤና ጣቢያውን በስም ሳትጠሪ፣ «አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እናት» ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ። ገመና የሚባለው ሰውን የሚያዋርድ ምስጢር ነው። መድኃኒት ማጣት ግን አያትሽ ያጠፉት ጥፋት አይደለም፤ ሊያፍሩበትም አይገባም። ይሁንና ታሪኩ የእሳቸው ነው። ከእናትሽም በፊት ፈቃድ የምትጠይቂው እሳቸውን ነው።

ስለ መምህርሽ። ልክ ናቸው፤ አኀዝ የሌለበት ጽሑፍ ለቅሶ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ግን ጥቂት አኀዝ ይበቃሻል፤ አኀዙም ከታሪኩ ጋር የሚነጋገር መሆን አለበት። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ቁጥሩ 67 ሆኗል። እኔ በ1992 ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ያ 166 ለእኔ ቁጥር አይደለም፣ በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በሳንባ ምች ያጣናቸው ልጆች ናቸው። መሐሉ ላይ ከገቡት ትልልቅ ነገሮች አንዱ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ተመደቡ። የእናትሽ ሥራ ይህ ነው። ለውጡ የእነሱ ብቻ ነው አልልም፤ መንገዱም፣ ክትባቱም፣ የወላጆች መማርም አለበት። ያለነሱ ግን አይታሰብም።

አሁን ይህን አኀዝ ከአያትሽ ጋር አገናኚው። ያ ድል በአብዛኛው የተገኘው ተሰጥቶ በሚያበቃ ነገር ነው፤ ክትባት ይሰጣል፣ ወባ በሦስት ቀን መድኃኒት ይታከማል፣ ወሊድ በአንድ ሌሊት ያልፋል። ስኳርና ግፊት እንደዚያ አይደሉም። በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ፣ አንድም ወር ሳይዘለል መድኃኒት የሚያደርስ ሥርዓት ይፈልጋሉ። ሕፃናትን ለማዳን የተሠራው ቤት አሁን አያቶችንም እንዲያስተናግድ እየተጠየቀ ነው። እኔ ብሆን የጽሑፉን ዋና ሐሳብ የማደርገው ይህን ነበር። ዓመተ ምሕረት ስትጽፊ ግን ተጠንቀቂ፤ ብዙዎቹ ሪፖርቶች የሚጠቀሙት የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥናቶቹ 2000 እና 2016 ተብለው ብታገኚያቸው የኛን 1992 እና 2008 ማለት ነው። ሁለቱን ቀላቅለው የጻፉ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ አንድ መስመር ላይ ስምንት ዓመት ይጠፋባቸዋል።

የመፍትሔ ሐሳብ አንድ ብቻ አቅርቢ፤ ቢበዛ ሁለት። ዐሥር ስትደረድሪ የትኛውንም ማስረዳት አትችይም። ቋቱ በወረዳ ደረጃ መሆኑ ቀርቶ ሰፋ ባለ ደረጃ ይሁን፣ አንዱ ወረዳ ሲጎድለው ሌላው ይሙላለት የሚሉ አሉ፤ ጥሩ ክርክር ነው፣ ግን ባለሙያዎችም ገና እየተከራከሩበት ስለሆነ በሦስት ገጽ ይከብድሻል። እኔ የማደላው ለቀላሉ ነው፤ የስኳር፣ የግፊት፣ የአስምና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ከጤና ጣቢያ ፈጽሞ እንዳይጠፉ አጭር ዝርዝር ይውጣ፣ ለነሱ መግዣ መድህኑ ከሂሳቡ የተወሰነውን አስቀድሞ ይክፈል፣ ቀሪውን መርምሮ በኋላ ያስተካክል። ይህን ስትጽፊ ተቃውሞውንም አብረሽ ጻፊ። ምርመራው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ሳይሰጥ የተመዘገበ ሕክምና ካለ የሚያልቀው የሰዉ መዋጮ ነው። አስቀድሞ መክፈል ይህን አደጋ እንዳያመጣ ምን ይደረግ? ለዚህ ሁለት መስመር መልስ ካለሽ አንባቢው ያምንሻል።

ጓደኞችሽ በስልክ ስላስጻፉት ብዙ አልልም። ስልኩ አያትሽን አያውቃቸውም። የፋርማሲው መስኮት ላይ ምን እንዳሉ፣ ዶሮዎቹን ስንት እንደሸጧቸው፣ የትኛውን ቀን እንደሚዘሉ አያውቅም። የምትጀምሪውም ከዚያ ይሁን። እሳቸውን ጠይቂያቸው፤ ክኒኑን የሚያስቀምጡት የት ነው? የሚዘሉትን ቀን የሚመርጡት እንዴት ነው? ምናልባት ከባድ ሥራ በሌለበት ቀን ይሆናል፣ ምናልባት በጾም ቀን። የሚነግሩሽን እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ስትጨርሺ ከማንም በፊት ለአያትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። «ይህን አውጪልኝ» ያሉትን አውጪ፣ ምንም ያህል የሚያምር ዐረፍተ ነገር ቢሆን። ቀጥሎ ለእናትሽ። ከዚያ ለመምህርሽ ስጪ። ውድድሩ አለፈም ወደቀም አንድ ቅጂ በእጅሽ ይኑር፤ ጤና ጣቢያችሁ የማኅበረሰብ ተወካዮች ያሉበት የአስተዳደር ቦርድ ስለሚኖረው፣ እናትሽ ከተስማማች ለነሱ አድርሺው። ለእኔም አንድ ላኪልኝ፣ የአያትሽ መድኃኒት ተገኝቶ እንደሆነም አብረሽ ጻፊልኝ።